ከሶፋው ተነሱልን

(በሀዋሳ ለፊልም ወዳጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ “እንደ ተመልካች የሚሰማሽን ተናገሪ፣ ሌላ ምንም አንፈልግም” ስላሉኝ ነው ደፍሬ የመጣሁት። የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ካሜራ ይዤ አላውቅም። የሆቴል ሠራተኛ ነኝ። በክፍል ጽዳት ጀምሬ አሁን ሪሴፕሽን ላይ የሺፍት ኃላፊ ነኝ። የሌሊት ሺፍት መቼም ታውቁታላችሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንግዳ አይመጣም፣ ስልክ አይጮኽም። ፊልም ካላየሽ እንቅልፍ ይጥልሻል። ስለዚህ ብዙ አያለሁ። የአገር ቤቱንም፣ የቱርኩንም፣ የኮሪያውንም፣ የአሜሪካውንም። ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። በቅርቡ ያያችሁትን አንድ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ አስቡ። ዋናው ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው?

(ከአዳራሹ አንዱ “ነጋዴ!” አለ።)

ጥሩ፣ ነጋዴ። ምንድን ነው የሚነግደው? አያችሁ፣ ዝም አላችሁ። ቢሮ አለው። ቢሮው ውስጥ ትልቅ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ አለ። ጸሐፊዋ ትገባለች፣ ፋይል ታስቀምጣለች፣ እሱ ሳያነብ ይፈርማል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። ኮቱን አንስቶ ይወጣል። ወዴት? ወደ ቤት። ቤት ሲደርስ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። ሚስቱም ፊት ለፊት ካለው ሶፋ ላይ አለች። ከዚያ በቃ፣ ማስታወቂያ እስኪገባ ድረስ ይነጋገራሉ።

የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ሶፋ ጋር ያለኝ ጠብ ነው። ድራማዎቻችን ውስጥ ሰው ያፈቅራል፣ ይከዳል፣ ይታመማል፣ ይወርሳል፣ ልጁ ያልሆነውን ልጅ ያሳድጋል። ሥራ ግን አይሠራም። እኔና እናንተ ደግሞ ከእንቅልፍ ሰዓታችን ውጪ ያለውን አብዛኛውን ዕድሜ የምናሳልፈው ሥራ ላይ ነው። የምንዋደደውም፣ የምንጣላውም፣ የምንዋረደውም እዚያው ነው። ያ ሁሉ ታሪክ ከስክሪኑ ውጪ ቀርቷል።

ስለ ስልኩም ሳልናገር አላልፍም። “ምን? አደጋ? መቼ? አሁን? ሆስፒታል ነው ያለው? መጣሁ!” ቀኑን ሙሉ ስልክ የማነሳ ሰው ነኝ። የነገሩትን ሁሉ ቃል በቃል መልሶ የሚያስተጋባ ሰው እስካሁን ደውሎልኝ አያውቅም። ተመልካቹ እንዲገባው ተብሎ ነው፣ ይገባኛል። ግን ተዋናዩ ፊቱን ሰጥቶን ዝም ቢል እኮ ይገባናል። ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ ምን እንደሚመስል ሁላችንም አይተናል።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ ሶፋው ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። የቀረጻ ቡድኖች እዚህ ከተማ ሲመጡ ሆቴል ያድራሉ፣ ማታ ማታ ያወራሉ፣ እኔም እሰማለሁ። አንድ ቤት ተከራይቶ የብዙ ክፍል ትዕይንት በአንድ ጊዜ መቅረጽ ርካሽ ነው። ውጪ ከተወጣ ፈቃድ አለ፣ የባጃጅ ድምፅ አለ፣ ቆሞ ካሜራው ውስጥ አፍጥጦ የሚያይ ሰው አለ። መብራት ይሄዳል። ስፖንሰር ደግሞ ቀን ቆጥሮ ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ መሀል ድራማ አውጥቶ በየሳምንቱ ሰዓቱን ጠብቆ ማሳየት ራሱ ጀግንነት ነው። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ግን የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አታሳምኑኝም። ፎጣ ማጠፍን ለመቅረጽ ሔሊኮፕተር አያስፈልግም።

ስለ እኛ ከተማ ልንገራችሁ። በፊልሞቻችን ውስጥ ሀዋሳ ነዋሪ የላትም። እንግዳ ብቻ ነው ያላት። ታሪኩ አንድ ነው። ሁለት ፍቅረኞች ከአዲስ አበባ በመኪና ይነሳሉ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማውን መንገድ በአንድ ዘፈን ይጨርሱታል። ሐይቁ ዳር ይቆማሉ። ጀልባ ላይ ይወጣሉ፣ እሷ እጇን ውኃው ውስጥ ትነክራለች። ዓሣ ይበላሉ። ማን እንዳጠመደው፣ ማን እንደበለተው፣ ማን እንደጠበሰው አይታይም። ማታ ሆቴል ይገባሉ፤ ክፍሉ ራሱን ነው መሰለኝ ያጸዳው። ጠዋት ላይ ያ ስልክ ይደወላል፣ “ምን? አደጋ?” ይባላል፣ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። እኛ እዚሁ እንቀራለን።

የአሞራ ገደሉ ዓሣ ገበያ እንኳ ከታየ የሚታየው ለአባ ኮዳዎቹ ሲባል ነው። ወፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ መላጣ ናቸው፣ ለካሜራ ያምራሉ። ከእነሱ ሥር ቁጭ ብሎ ቆሮሶውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ቅርፊቱን ገፎ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ በሁለት ምት የሚለየው ልጅ ግን ምስሉ ጥግ ላይ ነው ያለው። ቢላውን ማን አስተማረው? ጣቱ ስንት ጊዜ ተቆርጧል? ገንዘቡን ለማን ይልካል? እኔ ያንን ልጅ ነው ማየት የምፈልገው። አሞራዋን እዚያው ሄጄ አያታለሁ፣ በነጻ።

አሁን ወደ ውጪዎቹ ልሂድ። የወደድኳቸው ፊልሞች ለምን እንደያዙኝ ቆይቶ ነው የታየኝ፤ ሥራ ያለባቸው ናቸው።

“ዘ ቤር” የሚባለውን ተከታታይ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። ጥቂት ናችሁ፤ ፈልጋችሁ እዩት። በ2022 የጀመረ ነው። ቺካጎ ውስጥ ያለች አንዲት የሳንድዊች ቤት ናት። ባለቤቱ ራሱን ያጠፋል፣ ትልልቅ ምግብ ቤቶች ውስጥ የሠራው ታናሽ ወንድሙ መጥቶ ይረከባታል። ዕዳ አለ፣ ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሠራተኞቹ አዲሱን አሠራር አይፈልጉም። ሁሉም እየጮኸ ነው የሚያወራው። ባለቤቴ አንድ ክፍል አብሮኝ አይቶ “ይሄን ለማየት ምን አደከመሽ፣ ሥራ ቦታሽ አይበቃሽም?” አለኝ። እውነቱን ነው፣ የኛም ወጥ ቤት ቅዳሜ ማታ እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ሰባተኛ ክፍል ሀያ ደቂቃ ገደማ ነው። አብዛኛው ካሜራው ሳይቆረጥ የተቀረጸ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣ ትዕዛዝ መቀበያው ሳይዘጋ ቀርቶ ቲኬቱ ከማሽኑ እየተተረተረ ይወጣል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ሊነጋገሩት ያልደፈሩት ሁሉ ይወጣል። ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ቢሆን ኖሮ “በእኔ አልተማመንክም” ለማለት ሦስት ክፍል ይፈጅባቸው ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ያለው፣ “ሹካዎች” የተባለው ክፍል ነው። ሪቺ የሚባል አንድ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው አለ። ተናዳጅ ነው፣ ሚስቱ ፈታዋለች፣ ዕድሜው እንዲሁ ያለፈበት ይመስለዋል። ለአንድ ሳምንት ወደ አንድ በጣም የተከበረ ምግብ ቤት ለሥልጠና ይላካል። ምን ያሠሩታል? ሹካ ያስወለውሉታል። ቀኑን ሙሉ ሹካ። ይናደዳል፣ ቅጣት ይመስለዋል። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ይገባዋል። አንድ ቀን እንግዶች ጠረጴዛ ላይ፣ የከተማዋን ፒዛ ሳንቀምስ ልንሄድ ነው ብለው ሲያወሩ ሠራተኞቹ ይሰማሉ። ሪቺ ሮጦ ከሌላ ቤት ፒዛውን ገዝቶ ይመጣል፣ ወጥ ቤቱ አሳምሮ ያቀርብላቸዋል። የሪቺ ፊት ይበራል። በመጨረሻ የምግብ ቤቱን ባለቤት ጠዋት ብቻዋን እንጉዳይ ስትልጥ ያገኛታል። ባለቤቷን! አጠገቧ ቁሞ አብሯት ይልጣል፣ ያወራሉ።

እኔ ጽዳት ስጀምር ያሠለጠነችኝ እትዬ አንሶላ ስታስተካክል አንድ እጥፋት ካየች ከመጀመሪያው ታስደግመን ነበር። ለምን እንደሆነ አትነግረንም። እንግዳው አያያትም ብለን እናጉረመርም ነበር። ሪቺ ሹካውን ወደ መብራት አንስቶ ሲያይ እትዬ ትዝ አለችኝ። አንድ ሰው እንዴት እንደተለወጠ ያለ አንድ ለቅሶ፣ ያለ አንድ ምክር፣ በሹካ ብቻ አሳዩን። የኛ ድራማ ውስጥ ሰው የሚለወጠው ወይ አደጋ ሲደርስበት ነው ወይ ሽማግሌ ሲመክረው።

በነገራችን ላይ “ዘ ቤር” አሜሪካ ውስጥ የሚሸለመው በኮሜዲ ዘርፍ ነው። ምኑ ላይ እንደሚሳቅ ያገኘ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

“ዘ ኋይት ሎተስ” ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የሆቴል ታሪክ ነው፣ እዚህ ቦታ ላይ ማንንም አልፈራም። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2021 ወጣ። ማይክ ዋይት የሚባል ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ነው። የተቀረጸው በኮሮና ጊዜ፣ ሀዋይ ውስጥ እንግዳ አጥቶ በተዘጋ እውነተኛ ሆቴል ነው። ሀብታም እንግዶች በጀልባ ይመጣሉ፣ ሠራተኞች ዳር ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ ይቀበሏቸዋል። ሥራ አስኪያጁ አርመንድ አጠገቡ ላለችው አዲስ ሠራተኛ፣ ራስሽን አታሳይ፣ እንግዳው አንቺን እንደ ሰው እንዲያስታውስሽ አያስፈልግም የሚል ይዘት ያለው ምክር ይሰጣታል። ልጅቱ ነፍሰ ጡር ናት። በመጀመሪያው የሥራ ቀኗ ምጥ ይጀምራታል። ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ ትደብቀዋለች። እሱም አላስተዋለም። ራስሽን አታሳይ ብሏታላ።

ይህን ሳይ ስልኩን አስቀምጬ ተነስቼ ቆምኩ። የኛን ሙያ እንዲህ አድርጎ የተናገረ አላየሁም።

ከዚያ የክፍሉ ጠብ አለ። አንድ ሙሽራ የከፈልኩበት ክፍል ይሄ አይደለም ይላል። ልክ ነው፣ ስህተቱ የሆቴሉ ነው። አርመንድ ግን አያምንለትም። በዚህች ትንሽ ነገር ተያይዘው የት እንደሚደርሱ ላላያችሁት አልነግራችሁም። አርመንድ በመጨረሻ የሙሽራውን ሻንጣ ምን እንዳደረገውም እዚህ የተከበረ አዳራሽ ውስጥ አልናገርም። ብቻ ሪሴፕሽን ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያን ጠብ ያውቀዋል። “የከፈልኩት ሐይቅ ለሚያሳየው ክፍል ነው” የሚል እንግዳ ፊት ቆማችሁ ፈገግ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ጉንጭ ያማል።

የስፓ ኃላፊዋ ቤሊንዳ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አንዲት ሀብታም እንግዳ ሥራሽን በጣም ወደድኩት፣ የራስሽን ድርጅት እከፍትልሻለሁ ብላ ተስፋ ትሰጣታለች። ቤሊንዳ ሌሊት ቁጭ ብላ ዕቅዱን ትጽፋለች። እንግዳዋ ሐሳቧን ቀይራ ትሄዳለች። በቃ። ማንም አልሞተም፣ ማንም በጥፊ አልተመታም። ግን ስንቶቻችን ነን “ወደ ውጪ እወስድሻለሁ”፣ “ሥራ አስገባሻለሁ” ተብለን የጠበቅን? ይህ እዚህ ከተማ በየሆቴሉ የሚሆን ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሲሲሊ፣ ሦስተኛው በ2025 ታይላንድ ነው የተሠራው። የእኔ አስተያየት ቁልጭ ያለ ነው፤ የመጀመሪያውን የሚያክል የለም። ሲቀጥል እንግዶቹ በዙ፣ ሠራተኞቹ አነሱ። ሦስተኛው ላይ ጋይቶክ የሚባለው የዋህ ጥበቃ አለ። ሥራው ጨካኝ ሁን ይለዋል፣ ልቡ አይችልም። ይህ ብቻውን አንድ ተከታታይ ይወጣዋል። እነሱ ግን ከሦስቱ ሴቶች የወይን ወሬ ሲተርፍ ነው ወደ እሱ የሚመለሱት። ሴት ጓደኛዬ በዚህ አትስማማም፣ ሦስተኛውን ነው የምትወደው። ምክንያቷን ስትጠየቅ ግን ስለ ባሕሩ ዳርቻ ነው የምታወራው።

“ፐርፌክት ዴይስ” ለየት ያለ ነው። ቪም ቬንደርስ የሚባል ጀርመናዊ ቶኪዮ ሄዶ የሠራው የ2023 ፊልም ነው። ዋናው ሰውዬ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት አጽጂ ነው። አዎ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽንት ቤት ሲያጸዳ እናያለን። ተዋናዩ ኮጂ ያኩሾ በዚህ ሚና ፈረንሳይ በሚደረገው የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ወስዷል። ፊልሙ የተቀረጸው ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ነው፤ የገንዘብ ነገር ለምታነሱ።

ሰውየው ከመጸዳጃው ጠርዝ ሥር ያለውን ለማየት ትንሽ መስታወት ይጠቀማል። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ሆቴላችን ውስጥ ለሚያጸዱት ልጆች ነገርኳቸው፤ ሳቁብኝ። አንዷ ግን በማግስቱ የራሷን መስታወት ይዛ መጣች። ሰውየው አይናደድም፣ ብዙም አይናገርም፣ በካሴት ዘፈን ይሰማል፣ ዛፍ ፎቶ ያነሳል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ “እንዴት ያለ ሰላም ያለው ሕይወት!” ይላል። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ሰውየው ድምፁን ከፍ የሚያደርገው አብሮት የሚሠራው ልጅ ሥራ ጥሎ ሄዶ የሁለት ሰው ሺፍት ብቻውን ሲሸፍን ነው። ለአለቆቹ ደውሎ በየቀኑ እንዲህ መሥራት እንደማይችል ይነግራቸዋል። ይህን የጻፈ ሰው ሥራን ያውቃል። ሺፍት የሚያወጣ ሰው ሁሉ ያንን ስልክ ያውቀዋል። እዚያ ላይ ደግሞ ልብ በሉ፣ ሌላኛው ወገን የሚለውን አያስተጋባም።

በ2025 የወጣው “አዶለሰንስ” የሚባለው የእንግሊዝ ተከታታይ አራት ክፍል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካሜራው ሳይቆም ነው የተቀረጸው። ብዙ ሰው ያወራለት ስለዚህና በግድያ የተጠረጠረውን ልጅ ሆኖ ስለተወነው ኦወን ኩፐር ነው። በ15 ዓመቱ ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት አሸንፏል፣ ይገባዋል። የእኔ ዓይን ያረፈው ግን አባትየው ላይ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ልጁ በነፍስ ግድያ ከተጠረጠረ በኋላ ጎረምሶች የሥራ መኪናው ላይ ስድብ በቀለም ይጽፉበታል። ልደቱ ነው፣ ቤተሰቡ ሊዝናና አስቧል፣ እሱ ግን ያንን ጽሑፍ ሊያስለቅቅ ይታገላል። መኪናው እንጀራው ነው። ሰፈር ውስጥ ስሙን ይዞ የሚዞረው እሱ ነው። ሐዘኑ በሙሉ እዚያ መኪና ላይ ወጣ።

ስለ ኮሪያዎቹ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም አይታችኋል። “ስኩዊድ ጌም” በ2021 ሲወጣ ያልተወራበት ቤት አልነበረም። ሰው የሚያስታውሰው አሻንጉሊቷንና 456 ተጫዋቾችን ነው። እኔ የማስታውሰው ዋናው ሰውዬ ከመኪና ፋብሪካ ከሥራ የተባረረ መሆኑን፣ ዓሊ የተባለው ፓኪስታናዊ ደግሞ አለቃው ደመወዙን የከለከለው መሆኑን ነው። ጨዋታው የሚያስፈራው ወደዚያ የገፋቸው ነገር እውነት ስለሆነ ነው። በኋላ የወጡት ምዕራፎች ጨዋታውን አበዙና ይህንን አሳነሱት፣ ለእኔ ቀዘቀዙብኝ። “ፓራሳይት” ደግሞ ገና ሲከፈት ቤተሰቡ የፒዛ ካርቶን ሲያጥፍ ነው የምናገኘው። በደንብ አላጠፋችሁም ተብለው ከክፍያቸው ሲቆረጥባቸው ድህነታቸው ገባን። ማንም “እኛ ድሆች ነን” ብሎ አልተናገረም።

የቱርኮቹን ነገር ጠይቁኝ ያለችኝ አንዲት እናት ከፊት ተቀምጣለች፣ እሺ። ቃና በ2016 ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውመው ነበር። ተመልካቹ ግን ወደደው፣ በአማርኛ ስለመጣለት። የሆቴላችን ሎቢ ውስጥ ማታ ያንን ሰዓት ቻናል መቀየር ጠብ ያስነሳ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር እላለሁ። ቱርክ ውስጥ የአንድ ምሽት ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ወደ ውጪ ሲሸጥ ይቆራረጣል። ያን ሁሉ ሰዓት በየሳምንቱ መሙላት አለባቸው። ያ ረጅም መተያየት፣ ያ ሙዚቃ፣ ያ መስኮት ጋ ቆሞ ማሰብ የመጣው ከዚያ ነው። የኛዎቹ ይህን ሲኮርጁ ምክንያቱን ትተው መተያየቱን ብቻ ወሰዱ። የኛ ድራማ ሁለት ሰዓት የመሙላት ግዴታ የለበትም እኮ። ማን አስገደዳችሁ?

አሁን አገር ውስጥ ያለውን ደጉን ልናገር፤ አለና።

ያሬድ ዘለቀ የሠራው “ላም” (የቀንድ ከብቷ አይደለችም፣ በእንግሊዝኛ የበግ ግልገል ማለት ነው) በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅና ቹኒ የምትባል በጉ ናቸው። አባቱ ዘመድ ጋ ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ይህ ልጅ ግን ምግብ መሥራት ይችላል። አጎቱ ደግሞ እረስ፣ ወንድ ሁን ይለዋል፤ ምግብ የሴት ሥራ ነዋ። ልጁ ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ይሸጣል፣ በጉን ይዞ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ ሊያጠራቅም። ሆቴላችን ውስጥ አሉን ከሚባሉት ሼፎች አንዱ ይህን ፊልም ሲያይ ዕንባው መጣ። እሱም ልጅ ሆኖ ጓዳ ገባህ ተብሎ ተገርፏል። አንድ ሳምቡሳ ነው ይህን ሁሉ የተናገረው።

“ድፍረት”ም እንደዚያው ነው። በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው። ሁሉም የሚያወራው ስለ ጠለፋው ነው፣ ልክ ነው፣ ከባድ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ጠበቃዋን ነው የማስታውሰው። ፋይል ስትገልጥ፣ ፖሊስ ጣቢያ ስትመላለስ፣ በር ሲዘጋባት ሌላ በር ስታንኳኳ። በእውኑ ዓለም ያቺ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆናለች። ፊልሙ የሴትየዋን ጀግንነት በንግግር ሳይሆን በሥራዋ አሳየን።

ፋና ላይ ይታይ የነበረው “ምን ልታዘዝ” ደግሞ ቦታው ራሱ ካፌ ነበር። ካፌዋ አገር ናት፣ ሁሉም ያውቅ ነበር። የኛ አስተናጋጆች ለፖለቲካው አይደለም የሚያዩት። አንዱ ሌላውን ደንበኛ ላይ ሲያስቀድም፣ አለቃ ሲመጣ ሁሉ ሥራ እንደበዛበት ሲሆን፣ “ይሄስ እኛ ነን” እያሉ ይስቁ ነበር። በኃይሉ ዋሴ ሲጽፈው ካፌ ውስጥ ብዙ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። “እረኛዬ”ንም አንሱልኝ። አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ፣ ሦስት ሴቶች የጻፉት ነው። ያ ድራማ ሲመጣ ከሶፋው ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ተነሳን። አየር ገባን።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ንግግር ስዘጋጅ ሰምቶ “ሰው እኮ ደክሞት ነው የሚገባው። ሥራ ውሎ ሥራ ሊያይ ነው? የሚያምር ቤት፣ የሚያምር መኪና ይይ እንጂ” አለኝ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። እናቴም የምታየው ለቤቱ መጋረጃ ነው፤ በግልጽ ትናገራለች። ግን ያው ሰውዬ ከሺፍት ሲወጣ ታክሲ ውስጥ የሚያወራው ስለ ምንድን ነው? ስለ ሥራ ነው። ማን ማንን እንዳሳበቀ፣ የትኛው እንግዳ ጉርሻ እንደሰጠ፣ ኃላፊው ማንን እንደሚወድ። ሳይከፈለው ተከታታይ ድራማ እየተረከ ነው ቤቱ የሚደርሰው። ይህን ወሬ የማይፈልግ ተመልካች አለ ብላችሁ እኔን አትሸውዱኝም።

ካሜራ ያላችሁ ልጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ አንድ ታሪክ አለኝ፣ በነጻ ውሰዱት። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመረቀ። ከገጠር የመጡ ሴቶች በብዛት ገቡበት። አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው እየኖሩ ልብስ ሰፉ። በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መሸጥ ከሚያስችለው ከአጎዋ ወጣች፣ ከዚያም በፊትም በኋላም ሥራ ያቆሙ ኩባንያዎች ነበሩ። ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ ዓረብ አገር ሄዱ፣ አንዳንዶቹ እኛ ጋ መጥተው አንሶላ ይዘረጋሉ። አንሶላ ሲዘረጉ ጠርዙን አይተው ስፌቱ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ይነግሩኛል። “ይሄን የሰፋችው ቸኩላለች” ትለኛለች አንዷ። ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ፊልም ይወጣል። ሶፋም አያስፈልገውም፤ አልጋ አለን።

ለቀረጻ ከመጣችሁ ለማኔጀሩ እኔ እነግርላችኋለሁ። ብቻ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት አትምጡ። ጠዋት ቼክ አውት ነው፣ ክፍሎቹ ገና አልተጸዱም። ወይም ደግሞ በትክክል በዚያ የጽዳት ሰዓት ኑ፤ ግን ካሜራ የማይዘው ሁሉ ፎጣ ይይዛል።